እንግሊዛዊውን የጠላሁበት ዓመት

አይቼው የማላውቀውን ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ። ሰውየው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። እሱን አሰላ ድረስ ያመጣብን የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር አሠልጣኝ ነበር።

አሠልጣኙ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ የአንድ ሽማግሌያችንን ልጅ አግብቶ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዛዊውን አንድ መዝሙር ለመለማመድ ስንሰበሰብ መጀመሪያ የሰውየውን ታሪክ ይነግረናል። ሰውየው ሀብታም ቤት ተወልዶ በብስክሌት ገጠር ለገጠር ይዞር ነበር። ሽማግሌ ገበሬዎችን መጠጥ ቤት አስቀምጦ ያዘፍናቸዋል፤ ዜማቸውን በደብተር ይጽፋል፤ ከዚያ መንፈሳዊ ቃል አስገብቶበት መዝሙር ያደርገዋል። በመጨረሻ ጆሮው ደነቆረና የራሱን ሥራ መስማት ሳይችል ሞተ። አሠልጣኙ እዚህ ላይ ሲደርስ እንባ ይተናነቀዋል። ለእኛ ግን ርኅራኄ አልነበረውም። “የእናንተ ጉሮሮ ከብት ለመጥራት ነው የተሠራው” ይለን ነበር።

እኔ አልቶ፣ የሴቶቹን ወፍራም ድምፅ የምይዝ፣ ነበርኩ። ያደግሁት ዲክሲስ ስለሆነ አማርኛዬ ውስጥ ኦሮምኛው ይሰማል። አንድ ቃል ከሳትኩ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ብቻዬን ያስደግመኛል።

አንድ ቅዳሜ እጄን አወጣሁ።

“መምህር፣ አክስቴ የስንዴ አጨዳ ዜማ ታውቃለች። በስልኬ ቀድቼዋለሁ። የመዝሙር ቃል ብናስገባበትስ?”

ከፈትኩለት። ትንሽ እንኳ ሳይሰማ፣ “ዝጊው!” አለኝ። “እሱ ዘፈን ነው። ያለነው ቤተ ክርስቲያን ነው።”

“የእንግሊዛዊውስ ከመጠጥ ቤት የመጣ አይደል? እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩን።”

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ፊቱ ተለዋወጠ።

“እሱ የተማረ ሰው ነው። አክስትሽ ማን ናት?”

አክስቴ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ናት። ኖታውን ወንበሩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠርተው፣ “ይቅርታ ጠይቂ” አሉኝ። እሱን ማንም ምንም አላለውም። እምቢ አልኩ፤ ከኳየር ታገድኩ።

የእንግሊዛዊው መዝሙር የቀረበ ዕለት ከኢተያና ከአቦምሳ እንግዶች መጥተው ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ እንዲበላሽባቸው ጸለይኩ። አልተበላሸም። አጠገቤ የነበሩ እናት አለቀሱ፤ የእኔም እንባ መጣና በራሴ ተናደድኩ። ያ ዜማ የአንድ ገበሬ ነው። እንግሊዛዊው የገበሬውን ስም ደብተሩ ላይ ጽፎት ይሆን? አሠልጣኙ አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። የዚያን ዕለት ሁለቱንም እኩል ጠላኋቸው።

ከወራት በኋላ አሠልጣኙ መናኸሪያ አገኘኝ።

“አልቶው ሳስቷል፤ ተመለሺ።”

“መጀመሪያ አክስቴን ይቅርታ ይጠይቋት።”

“ዲክሲስ ድረስ?” ብሎ ሳቀ።

“አዎ፣ መኪናው ያው እየጫነ ነው።”

መኪናውን አየት አድርጎ ጥሎኝ ሄደ።

አሁን ሌላ አጥቢያ ውስጥ በኦሮምኛ እዘምራለሁ። ከአሠልጣኙ ጋር መንገድ ላይ ስንተላለፍ እሱም አንገቱን ያዞራል፣ እኔም አዞራለሁ። ቂም መያዝ ኃጢአት እንደሆነ አላጣሁትም፤ እንግሊዛዊውን መጥላት በዓመቱ ቢለቀኝም በአሠልጣኙ የያዝኩት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።