ከአሥራ ሁለቱ አንዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ዓመቱንም ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። ዝናቡ ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣውን መንገድ ቆርጦት እንደነበር ግን አውቃለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በጸሎት እንኳ ዙሪያውን ዞሬ አልፈዋለሁ እንጂ ስሙን ጠርቼው አላውቅም።

የዲላው ቡና ነጋዴ አቶ ታምሩ ቡሌ ላይ ያላቸውን ቤት የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። አንድ የቆየ የቡና ደንበኛቸው፣ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ወይን ጠጅ በሳጥን ሰጣቸው። የሚጠጣ አይደለም፣ የሚቆይ ነው አሉኝ። በቆየ ቁጥር እየተወደደ የሚሄድ፣ ባለጠጎች እንደ መሬት ገዝተው የሚያስቀምጡት። ዲላ ይሞቃል፣ ቡሌ ብርድ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ እኔ ዘንድ መጣ። ጎረቤቶቼ ያፌዙብኝ ነበር። "ጋሽ ዱካሌ፣ ጠርሙሶቹ ወለዱ ወይ?" ይሉኛል። "ገና እርጉዝ ናቸው" እላለሁ፤ እንስቃለን።

በአጥቢያችን ሽማግሌ ነበርኩ፤ የጌታን እራት ጽዋ የማዘጋጀውም እኔ ነበርኩ። ዘቢብ ከዲላ አስመጥቼ፣ ቀቅዬ፣ አጥልዬ። ያን ሳምንት መንገዱ ሲቆረጥ ዘቢቡ አልመጣም። እሁድ ደግሞ ሰው ከየተራራው በእግሩ ይመጣል። ምን ላቅርብ? ውሃ? ሌሎቹን ሽማግሌዎች ማማከር እችል ነበር። አላማከርኩም። እኔ አንዱን ጠርሙስ አወጣሁ። እኔ አፉ የታሸገበትን ሰም በጋለ ቢላዋ አነሳሁ። እኔ ቡሹን በሚስማር ፈልቅቄ አወጣሁ። ለሁሉም እንዲዳረስ በውሃ አበዛሁት። አንዲት አሮጊት ከጽዋው በኋላ "የዛሬውስ ደረቴ ድረስ ሞቀኝ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም ልናዘዘው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ዘቢቡ ሲመጣ ቀቅዬ ባዶውን ጠርሙስ ሞላሁት። ቡሹን መለስኩ፣ ሰሙን አቅልጬ ደፈንኩ። ወይን ያው ወይን ነው፣ ያም ከፍሬው ይህም ከፍሬው አልኩ። አላዋቂነት ነው? ታዲያ ለምን በሩን ዘግቼ ሠራሁት?

ዓመታት አለፉ። የአቶ ታምሩ ባለቤት፣ እትዬ እልፍነሽ፣ ዓይናቸው ይደክም ጀመር። ውጭ አገር ቶሎ ከታከሙ ይድናሉ ተባለ። የቡናው ንግድ ወድቆ ስለነበር በአቶ ታምሩ እጅ የቀረው ያ ሳጥን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወይን የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ ይዘው መጡ። ሰውየው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በባትሪ አየ፤ አንዱ ላይ ቆመ። ሰሙን ፋቀ፣ የሚስማሩን ቀዳዳ አየ፣ ከፍቶ አሸተተው።

"አቶ ታምሩ፣ ይሄ የዘቢብ ውሃ ነው" አለ።

"ሌሎቹስ?"

"አንዱ ከተነካ ለሌሎቹ ማን ይምላል?"

አቶ ታምሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ጋሽ ዱካሌ፣ እዚህ ቤት ሰው ገብቶ ያውቃል?"

"ከእኔ በቀር ማንም አልገባም" አልኩ።

እውነት ነበር። እሳቸው ግን ታማኝነቴን ሰሙበት። "ፈረንጁ ነው ያታለለኝ። ጋሼማ እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው" አሉ። ፈረንጁ ያኔ ሞቶ ነበር፤ በሞተ ሰው ላይ ሐሰት ሲለጠፍ ቆሜ ሰማሁ። "የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ አንዱን አልነካሁም" ብል ኖሮ ምናልባት ሰውየው ያምነኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምዕመናኑ ሳያውቁ የተሰረቀ መጠጣታቸውን አሰብኩ። ለእነሱ አዝኜ ነው ዝም ያልኩት? አይደለም። ለራሴ ነው፤ ለስሜ። ሰውየው ሳይገዛ መኪናው ውስጥ ገባ፤ የግቢውን በር የከፈትኩለትም እኔ ነኝ።

እትዬ እልፍነሽ አልታከሙም። ዛሬ ዲላ ገበያ በሰው እጅ ተመርተው ሲሄዱ አገኛቸዋለሁ። በድምፄ ያውቁኛል።

"ጋሽ ዱካሌ፣ ቡሌ ዛሬም ይበርዳል?"

"ይበርዳል፣ እትዬ" እላለሁ።

 ብነግራቸው ዓይናቸው አይመለስ፤ ሸክሜን ለእሳቸው ማሸከም ይመስለኛል። ባልነግራቸው ደግሞ ይኸው እንዲህ ነኝ። የምታነቡት ፍረዱብኝ እንጂ አታጽናኑኝ።

ገዢው ባዶ እጁን ከተመለሰበት ቀን ወዲህ ጽዋ አላዘጋጅም፣ አልወስድምም። እሁድ ሰው ወደፊት ሲነሳ እኔ የኋላ ወንበር ላይ እቀራለሁ። አንድ ሰው አብሮኝ ይቀራል። ምክንያቱን ጠይቃኝ አታውቅም። "አንተ ካልሄድክ እኔም እቆያለሁ" ብላ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ከጎኔ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ ዓመት ደግፋ ያኖረችኝ እሷ ናት፤ ባለቤቴ ብርቄ።