ውሃው የመጣ ሰሞን

ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ወረድ ብሎ ባለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት የገዛን ጊዜ ውሃ አልነበረውም። አልፎ አልፎ ምድር ላይ ባለው የጋራ ቧንቧ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጀሪካን ነው። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳስተምር ውዬ፣ በሁለት እጄ ጀሪካን አንጠልጥዬ ደረጃውን የምወጣው በየፎቁ እያረፍኩ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ስል ብዙውን ጊዜ ከኋላዬ የሚደርስብኝ የፊት ለፊታችን ቤት አባወራ ነው። አንዱን ጀሪካን ከእጄ ይቀማኝና ከራሱ ጋር ደርቦ ሽቅብ ይወጣል። “እህት ዓለም፣ ከዚህ ደረጃ አንድ ቀን እንገላገላለን” ይላል እየሳቀ።

ሥራው የቧንቧ ዕቃ መሸጥና መግጠም ነው። ሚስቱ ፋርማሲ ትሠራለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ከእኔዋ ጋር አብረው ነው ያደጉት። በራችን ትይዩ ስለሆነ የአንዷ ጫማ ከሌላዋ በር ላይ አይጠፋም ነበር።

ውሃውን እኛው እንሳበው የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። ታች አንድ ትልቅ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ ሌላ ሮቶ፣ መሀላቸው ፓምፕ። “የሚመጣውን ታች እናጠራቅማለን፣ ወደ ላይ እንገፋዋለን፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል” አለ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ንግግር የሚያውቁ ጡረተኛ ናቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

ዕቃው ተገዝቶ ሥራው እንደተጀመረ ጦርነቱ መጣ። ጎረቤቴ የተወለደው ትግራይ ነው፤ እናቱም እዚያው ናቸው። ድሮ ስልክ የሚያናግራቸው ኔትወርክ ይሻላል ብሎ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ትግርኛው ከላይ እስከ ታች ይሰማል፤ ሳቁም እንደዚያው። መጀመሪያ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በሕንጻችን ውስጥ ሰላምታ እያጠረ መጣ። ፊት ለፊት ክፉ የተናገረው ሰው አላየሁም። ብቻ ከእሱ ጋር ቆሞ መታየትን ሰው እየሸሸ ሄደ። ደረጃ ላይ ሲያዩት ቁልፍ የረሱ መስለው ወደ ኋላ የሚመለሱ ነበሩ። እሱ ግን ፓምፑን አልተወም፤ ከሥራ ሲመለስ ጣሪያ ላይ ነው፣ ቅዳሜና እሑድም ጣሪያ ላይ ነው።

የወሰዱትም እሑድ ጠዋት ነው። ሚስቱ ልጅቷን ይዛ ቅዳሴ ሄዳለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከአንድ የደንብ ልብስ ከለበሰ ፖሊስ ጋር መጥተው በሩን አንኳኩ። የሚመልስ ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ።

“የዚህ ቤት ሰውዬ የት ነው?”

“አላውቅም” አልኩ።

ከእኛ ሥር ካለው ፎቅ የጋሼ ድምፅ መጣ። “ጣሪያ ላይ ነው፤ ቧንቧ እየገጠመልን ነው” አሉ፣ መንገድ ለጠፋበት እንግዳ እንደሚጠቁም ሰው፣ በትሕትና።

እጁ እንደረጠበ ወረደ። ቧንቧ ሲገጠም የሚጠመጠመው ነጭ ክር መሳይ ነገር አውራ ጣቱ ላይ ቀርቷል። መታወቂያውን ተቀበሉት፤ አዩት፤ አልመለሱለትም።

“ምን አድርጌ ነው?”

“ለጥያቄ ነው። አሁን ትመለሳለህ።”

“ጃኬቴን ልውሰድ?”

“አሁን ትመለሳለህ እያልንህ ምን ያደርግልሃል?”

ወደ እኔ ዞረ። “ለሚስቴ ንገሪያት። ደግሞ ላይ ያለውን መክፈቻ አልዘጋሁትም፤ ዘበኛው ይዝጋው” አለኝ። ይዘውት ወረዱ። በየበረንዳው የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ነጠላዋን እንደለበሰች ስትመለስ ደረጃው ላይ ያገኘችው እኔን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር ጣቢያ ለጣቢያ ዞርን። አንዱ ጋ የለም ይሉናል፤ ሌላው ጋ የት እንደሆነ አናውቅም ይሉናል። ባለቤቴ ፈራ። “አንቺ ልጅ አለሽ፤ ነገ ስምሽን ቢይዙትስ?” አለኝ። “እሷም ልጅ አላት” አልኩት። በማግሥቱ አልከለከለኝም። በመጨረሻ ከከተማው ጫፍ፣ መጋዘን የነበረ ግቢ ውስጥ እንዳለ ሰማን። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ለሚስቱ፣ “ሰላማዊ ሰው መሆኑን የሚመሰክሩለት ጎረቤቶች ካሉ ይምጡ፤ ብዙ ሆነው ቢመጡ ሳይሻል አይቀርም” አላት። ይህችን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ ፊቷ ላይ ብርሃን ነበረ።

ያን ሳምንት ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ ውሃው ነው፤ ፓምፑን የሚጨርስ ሌላ ባለሙያ ይፈለግ የሚል። ጋሼ ተናግረው ሲጨርሱ ሚስቱ ከኋላ ተነሣች።

“ባለቤቴን ታውቁታላችሁ” አለች። “የሠራውን ሁሉ ያያችሁ እናንተ ናችሁ። ሌላ ነገር አልለምናችሁም፤ አብራችሁኝ ሄዳችሁ የምታውቁትን ብቻ ተናገሩለት።”

ሁሉም ወደ መሬት አየ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“ልጄ፣ ኀዘንሽ ኀዘናችን ነው። ግን ይህ የኮሚቴው ጉዳይ አይደለም። የተሰበሰብነው ለውሃው ነው።”

“ጋሼ፣ ውሃውን እየሠራ እኮ ነው የወሰዱት።”

“አውቃለሁ። መንግሥት የራሱ ሥራ አለው። እኛ ከገባንበት ነገሩ ይወሳሰባል፤ ለእሱም አይበጀው።”

ከመሀል አንድ ሰው፣ “ያለ ነገርማ አይወስዱትም” አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው። አንዲት ወጣት እናት ደግሞ አቅፋ ሳመቻትና “በጸሎት እናስብሻለን” አለቻት። ከልቧ እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ሌላ ሰው ይጨመር እንደሆነ ስጠብቅ አንዲት ሴት ተነሣች፤ ሥጋ ቤት ያላት፣ በመኪና ማቆሚያ ሰበብ ከጎረቤቴ ጋር ተጣልታ ሰላም የማትለው።

“እኔ ከሰውዬው ጋር ሰላምታ የለኝም” አለች። “ሚስቱም ይህን ታውቃለች። ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?”

ሄድን። በቦሌ በኩል በታክሲ ስናልፍ መንገዱ ዳር አዲስ የተከፈተ ሱፐርማርኬት ፊኛ ሰቅሏል፤ ሰው ጋሪውን እየገፋ ይወጣል፣ ይገባል። መጋዘኑ ግቢ በር ላይ ደግሞ ምግብ የያዙ ሴቶች አጥሩን ተጠግተው ተሰልፈዋል። ጠባቂው ሌላ ሰው ነበር። ምስክር የሚባል ነገር አልሰማሁም አለን። ባለ ሥጋ ቤቷ ተከራከረችው፤ ድምፅዋ የሚፈራ ነው። “እትዬ፣ እርስዎም መግባት ይፈልጋሉ?” አላት። ክንዷን ይዘን ወደ ታክሲው ተመለስን።

ውሃው የመጣው እሱ በታሰረ በሁለተኛው ወር ነው። ሌላ ባለሙያ ተቀጥሮ የቀረውን ገጠመ፤ የቀረው ጥቂት ነበር። ነዋሪው በግ አርዶ ታች ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከለ፤ ለስላሳና ቢራ ቀረበ፤ ትልቅ ስፒከር መጣ። ጋሼ ንግግር አደረጉ። አገራችን እያደገች ነው፣ እኛም በአቅማችን ሕንጻችንን አሳደግን፣ ከእንግዲህ ሴቶቻችን ጀሪካን አይሸከሙም አሉ። ተጨበጨበ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ አላነሡም። እኔ ከላይ ከበረንዳዬ ነው የሰማሁት። የጎረቤቴ ሚስት መስኮቷን ዘጋች። ባለ ሥጋ ቤቷ በጉን የሚያርድ ሠራተኛዋን ይዛ እንድትመጣ ተለምና፣ አመመኝ ብላ ቀረች።

ያን ቀን ማታ ሻወር ቤት ገብቼ ማሞቂያውን አበራሁ። ሙቅ ውሃ ትከሻዬ ላይ ሲወርድ የሰውነቴ ድካም ሁሉ ተፈታ። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነበር፤ በጣም ደስ የሚል። ልጄ ከውጭ በሩን እየደበደበች “እማዬ፣ ውሃው ያልቃል” ትለኛለች። አያልቅም አልኳት። ያን ሰሞን ጎረቤቶቼን ክፉዎች ናቸው ብዬ ለመጥላት ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሁሉም እንደ እኔ ደክሟቸው ነበር፤ ሁሉም ያን ውሃ ይፈልጉት ነበር።

ምግብ ማመላለሱን ሦስታችን በተራ ያዝነው። እሱን ማየት አይፈቀድም፤ ሳህኑን ይቀበሉናል፣ ባዶው ይመለሳል። ሚስቱ ባዶውን ሳህን ስትቀበል ደስ ይላት ነበር፤ በልቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆኖ የላክነው እንዳለ ተመለሰልኝ። “እዚህ የለም፤ ተዛውሯል” አሉኝ። ወዴት ብል የሚነግረኝ አጣሁ። ያን ምግብ ይዤ ወደ ቤት መመለስ አቃተኝ። አጥሩ ሥር ለተቀመጡ ሴቶች ሰጥቼ በእጄ ምንም ሳልይዝ ገባሁ። ሚስቱ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ሳልናገር ገባት።

የተለቀቀው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ክስ አልነበረም፣ ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ውጣ አሉት፣ ወጣ። በሩን ሲያንኳኳ የከፈተችለት ልጁ ናት፤ አላወቀችውም፤ “እማዬ፣ ሰውዬ መጥቷል” ብላ ስትጣራ ከእኛ ቤት ሰማሁ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው ወጣ። ጋሼ ከነባለቤታቸው ኬክ ይዘው መጡ። “እንኳን ለቤትህ አበቃህ፤ አምላክ ይመስገን። አንድ ቀንም ረስተንህ አናውቅም” አሉት። “አመሰግናለሁ፣ ጋሼ” አለ። ለሁሉም አመሰገነ፤ ለሁሉም ተነሥቶ ወንበር አቀረበ። ምን እንደደረሰበት የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። አንዱ ስለ ቤት ዋጋ መወደድ አነሣ፤ ውሃ ስላለው የእኛ ሕንጻ ከሁሉም በላይ ይሸጣል አለ። ወሬው እዚያ ላይ ደራ።

ሲሄዱ እኔ ስኒ ልሰበስብ ቀረሁ። በሩን ዘግቶ ሲመለስ፣ “እህት ዓለም፣ ጣሪያ ላይ መሆኔን የነገራቸው ሰው ማነው?” አለኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

“ተይው፣ አትንገሪኝ። ከነገርሽኝ ነገ ደረጃ ላይ አገኘዋለሁ።”

ብዙ ሳይቆዩ ቤቱን ሸጡት። የገዛው ሰው ሳይከራከር ነው የከፈላቸው። ዕቃቸውን ወደ ጭነት መኪናው ስናወርድ የረዳናቸው እኔ፣ ባለቤቴና ባለ ሥጋ ቤቷ ነን። እናቱ ታመው መድኃኒት አጥተው እንደሞቱ የሰማው፣ የስልክ መስመሩ ከተከፈተ በኋላ፣ በአዲሱ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው።

ባለፈው ጥር እኔና ባለ ሥጋ ቤቷ ልንጠይቃቸው ሄድን። ቤቱ ከላምበረት አልፎ፣ ገና መንገዱ ያልተሠራ ሰፈር ውስጥ ነው። ሚስቱ ከሥራ ገና መግባቷ ነበር። ልጅቷ በጣም አድጋለች፤ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። እሱ በሩን በሚያሳይ ጥግ ተቀምጧል። ሱቁን ከዘጋው ቆይቷል። ሻይ ቀርቦልን ስለ ትምህርት ቤት እያወራን ሳለ ደጅ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ተነሣ። ምንም ሳይናገር ጫማውን አጠለቀ፣ ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዶ ለበሰ፣ ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆለፈና በሩ አጠገብ ቆመ። መኪናው የአከራዩ ነበር። ግቢው ተከፈተለት፣ ገባ፣ ሞተሩ ጠፋ።

“አከራያችን ነው፤ ተቀመጥ” አለችው ሚስቱ፤ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ እንዳለችው ያስታውቃል።

ተቀመጠ። ጃኬቱን ግን አላወለቀም። እኛ ሻያችንን እስክንጨርስና እስክንሰናበት ድረስ እንደለበሰው ነበር።