ስልሳ ሦስት አስተያየት

ቬይዮ ሌህቲሳሪ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ቦታ ነው፤ በፊንላንዷ ከተማ በዩቫስኩላ፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የዛፍ ቆራጭ ማሽን ፋብሪካ፣ የፕሮግራም ክፍል ውስጥ። አባቱ ዕድሜውን በሙሉ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት መጋዝ ሲሞርድ የኖረ ሰው ነበር። ቬይዮም እንደ አባቱ ዝምተኛ ነው፤ እንደ አባቱ የእጁን ሥራ ያምናል፤ ሥራው ላይ ሰው ሲገባበት ደግሞ ደሙ ይፈላል። ሚስቱ ማርዩት «ካንተ ይቅርታ ከመጠበቅ ሐይቁ በሐምሌ ሙቀት በረዶ እስኪሆን መጠበቅ ይሻላል» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ማሽኖቹ ጫካ ውስጥ ሲሠሩ የሚያደርጉትን ሁሉ በየቅጽበቱ ይመዘግባሉ፤ ክንዱ ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ የዘይቱ ግፊት የት እንደደረሰ፣ መጋዙ መቼ እንደተያዘ። ይህን መዝገብ «ዱካ» ይሉታል። ማሽን ሲበላሽ መካኒኩ ላፕቶፑን ይሰካና ዱካውን ከፍቶ ችግሩን ይፈልጋል። ዱካውን የሚከፍተውን ፕሮግራም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ብቻውን የጻፈው ቬይዮ ነው።

የአንድ ሳምንት ዱካ ለመክፈት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። መካኒኮቹ ለዚያች አሥራ ሁለት ደቂቃ ስም አውጥተውላታል፤ «የቬይዮ ቡና» ይሏታል፣ ቡና ጠጥተህ ስትመለስም ገና እየከፈተ ስለምታገኘው። ቬይዮ ስሙ በየጫካው በመጠራቱ ይኮራ ነበር። ሽሙጥ መሆኑ ያልገባው እሱ ብቻ ነው። ለምን እንደሚዘገይ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ፋይሉ ትልቅ ነው። ከዚህ በላይ አይፈጥንም።»

በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ቱሊ የላከችው የኮድ ለውጥ በስሙ ተመድቦ ጠበቀው። ቱሊ ኒኩላ ሥራ ከገባች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ፕሮግራመር ናት፤ ጠረጴዛዋም ከጀርባው ነው። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ማንም የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው አንብቦ ካላጸደቀው አይገባም። የዚህ ለውጥ ርዕስ «ዱካ አከፋፈትን ማፍጠን» ይላል፤ ከሥሩ አንዲት መስመር አለች፦ «ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ወደ ሠላሳ አምስት ሰከንድ።»

ቬይዮ መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ኮዱን እስከ መጨረሻው ተመለከተና ዘጋው።

በሳምንቱ ቱሊ ወንበሯን ወደሱ አዞረች።

«ቬይዮ፣ ያቺን ነገር አየሃት?»

«ወረፋ ላይ ናት» አላት፣ ሳይዞር።

ወረፋው ላይ ሌላ ምንም ነገር አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን ተቀመጠና ስልሳ ሦስት አስተያየት ጻፈ። ይሄ ስም ረዘመ። እዚህ ባዶ ቦታ ጎደለ። ይሄን ለምን እንዲህ አልጻፍሽውም? የሐሳቡ ዋና ነገር ላይ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቱሊ ያደረገችው ቀላል ነበር፤ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ ፈንታ መጀመሪያ ምን የት እንዳለ ታያለች፣ ከዚያ መካኒኩ የሚፈልገውን ክፍል ብቻ ታወጣለች። ልክ መሆኑ ለቬይዮ የገባው ያን ማክሰኞ ጠዋት ነው። አሥራ አምስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጦ ሳያየው የኖረ ነገር ነበር።

ቱሊ ስልሳ ሦስቱንም አንድ በአንድ አስተካከለች፤ በእያንዳንዱም ሥር «ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች።

ረቡዕ ዕለት ቬይዮ አንድ የዱካ ፋይል በአሮጌውም በአዲሱም ፕሮግራም ከፍቶ ቁጥሮቹን አስተያየ። የክንዱ መነሣት በአዲሱ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ያንሳል። ቬይዮ ደስ አለው። ከደስታው ብርታት የተነሣ ብድግ ብሎ መስኮቱ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በኋላ ያደረገውን ሁሉ ሲያስብ ከሁሉ አስበልጦ አንገቱን የሚያስደፋው ይሄ ደስታ ነው።

ለቱሊ አልነገራትም። ሐሙስን ጠበቀ። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በፊት የክፍሉ ስምንት ሠራተኞች ይሰበሰባሉ፤ የሐሙሱ ምሳ የአተር ሾርባ ሽታ ከታች ከምግብ ቤቱ እየመጣ ሰው ሁሉ ቶሎ ለመጨረስ ይጣደፋል። የክፍሉ ኃላፊ ካይሱ፣ «ቱሊ፣ ያ የፍጥነት ሥራ የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀች።

ቬይዮ ቀደመ። «ዳታ እየጣሉ መፍጠን ማንም አያቅተውም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የክንድ እንቅስቃሴ የት እንደገባ ትንገረን። እንደዚያማ ከሆነ ጭራሹን ፋይሉን አለመክፈት ነው፤ ዜሮ ሰከንድ!»

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ቱሊ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«አላውቅም» አለች። «አየዋለሁ።»

ምሳ ላይ ሾርባዋን ሳትነካው ካፖርቷን አንስታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ከጀርባው መጥታ ቆመች። «አምስት ደቂቃ አለህ? ትንሿ ክፍል ውስጥ።»

ገብቶ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። እሷ በሩን ዘግታ ላፕቶፑን ፊቱ አስቀመጠች።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን አገኘኋቸው» አለች።

«የት ጥለሻቸው ኖሯል?»

«አልጣልኳቸውም። ድሮም አልነበሩም።»

ፋይሉ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚነበበው። አሮጌው ፕሮግራም ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ ያነባታል፤ እዚያ ድንበር ላይ የወደቀች እንቅስቃሴ ሁለት ሆና ትቆጠራለች። «ቅዳሜ ከሙከራው ማሽን ቪዲዮ ጋር አስተያየሁት» አለች ቱሊ። «ክንዱ አንዴ ሲነሣ ያንተ ሁለቴ ይላል።»

ቬይዮ ጎንበስ ብሎ ይህን የምታደርገውን የኮድ መስመር አየ። ሰው የእጅ ጽሑፉን እንደሚያውቅ አወቃት። ስሕተቱ አንዲት ምልክት ናት፤ የምልክቷ ጥፋት ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው ተሠራጭቷል።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። መጀመሪያ አንተ እንድታውቅ ብዬ ነው።» ላፕቶፑን ወደራሷ አዞረችና፣ «ከፈለግክ የለውጡ ማስታወሻ ላይ ‹ቆጠራው ተስተካክሏል› ብዬ በአጭሩ እጽፋለሁ። ማንም አይጠይቅም» አለችው።

እሱ በስምንት ሰው ፊት ነበር ያዋረዳት። እሷ በር ዘግታ ነው የነገረችው። «ግድ የለም፣ እኔው እናገራለሁ» ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶም ነበር።

«ጥሩ» አለ። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ለውጡን አጸደቀው።

ሐሙስ ካይሱ፣ «ያ የጎደለው ቁጥርስ?» አለች። ቱሊ ቀና ብላ ቬይዮን አየችው። ቬይዮ ውጭ በረዶ የሚጠርገውን መኪና አየ።

«ተስተካክሏል» አለ።

«ጎሽ!» አለች ካይሱ። «የቬይዮ ዓይን ባይኖር ጉድ ሆነን ነበር።»

ቱሊ አቀርቅራ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ቬይዮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ እምቢ አለው። ስለዚህ ነገር ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ የድሮ ደብዳቤዎቹን ገልብጦ አየ። አንድ ተገኘ፤ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ጸሐፊው ኡርሆ ሃልቱነን የሚባል የኩህሞ ከተማ መካኒክ ነው። «ፕሮግራማችሁ ክንዱ ሁለቴ ተነሣ ይላል። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አንዴ ነው የተነሣው።» ከሥሩ የቬይዮ መልስ አለ፦ «ማሽን አይዋሽም። መነጽርህን አስመርምር።»

ቅዳሜ በእንፋሎት መታጠቢያው፣ በሳውና ውስጥ፣ ለማርዩት ሁሉንም ዘርዝሮ ነገራት። እሷ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ረጨች፤ እንፋሎቱ ጆሮውን አቃጠለው።

«ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ካፖርቱን እንደለበሰ የቱሊ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ።

«ባለፈው ሐሙስ መናገር ነበረብኝ።»

«አዎ» አለች ቱሊ።

ሐሙስ ዕለት ተናገረ። ስሕተቱ የሱ እንደሆነ፣ ቱሊ ደርሳበት ለብቻው እንደነገረችው፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ምስጋናዋን እንደወሰደባት። ሲናገር ጠረጴዛውን እንጂ ሰው አላየም። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አላጽናናውም። ካይሱ «እሺ» አለች። «ለመካኒኮቹ በሙሉ ጻፍላቸው።»

ጻፈ። ለኡርሆ ሃልቱነን ግን መጻፉ አልበቃ ብሎት ደወለ። ሰውዬው ጡረታ ወጥቷል።

«ሃልቱነን» አለ ድምፁ።

«ቬይዮ ሌህቲሳሪ ነኝ፣ የዱካውን ፕሮግራም የጻፍኩት።»

ከበስተጀርባ ውሻ ይጮኻል።

«መነጽሬን ማስመርመሬን ልትጠይቅ ነው?»

«አይደለም» አለ ቬይዮ። «ልክ ነበርክ ልልህ ነው።»

«አውቃለሁ እንጂ። አጠገቡ ቆሜ ነበር ብዬሃለሁ እኮ።»

«ከዚያ ወዲያ ምን አደረግክ?»

«ምን አደርጋለሁ? ቁጥራችሁን ትቼ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። በቦታዬ ለተተኩትም እንደዚያው አስተማርኩ። በኛ በኩል የናንተን ቁጥር የሚያምን መካኒክ የለም።»

«ይቅርታ» አለ ቬይዮ።

«እሺ» አለ ኡርሆ። «በል፣ ውሻው በር ላይ ነው፣ ላስገባው።» ስልኩ ተዘጋ።

አዲሱ ፕሮግራም መጋቢት ላይ ለመካኒኮቹ ደረሰ፤ የምስጋናው ደብዳቤ ሁሉ በቱሊ ስም መጣ። በዚያው ሰሞን ካይሱ ቬይዮን ጠርታ፣ የያዘችውን ወረቀት እያየች፣ ቱሊ ከእንግዲህ ኮዷን ሌላ ሰው እንዲገመግምላት መጠየቋን ነገረችው።

«ተገቢ ነው» አለ ቬይዮ።

ዛሬም እዚያው ይሠራል። ሌሎች የሚልኩለትን ለውጥ በመጣበት ቀን ያነባል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። ቱሊ ጠዋት ስትገባ ሰላም ትለዋለች፣ እሱም ይመልሳል። ወንበሯ ከጀርባው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አንገቱ ሥር ይግላል።