ቢራቱና የኡልም ከተማ ድምፅ

ቢራቱ ጉደታ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ይኖራል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የሆቴል ሻትል ይነዳል፤ እንግዶችን ከኤርፖርት ያመጣል፣ ይመልሳል፣ ሻንጣ ያወርዳል። ቀስ ብሎ የሚናገርና ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ የሚጠርግ ሰው ነው። የነቀምት ልጅ እንደመሆኑ ያደገው በሉተራዊቷ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሚስቱ የወይንሐረግ የጎንደር ኦርቶዶክስ ናት። የተገናኙት እዚሁ ቨርጂኒያ ሲሆን፣ በፈረንጆቹ 2003 ሲጋቡ “አንቺ ወደ ቤተ ክርስቲያንሽ፣ እኔ ወደ ጉባኤዬ” ተባብለው ነበር። ቃላቸውን ጠብቀዋል። ፍሪጃቸው ውስጥ እንኳን የጾም ምግብ የራሱ መደርደሪያ አለው።

የወይንሐረግ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። ቢራቱ ከተጋቡ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ትንሽ ጉባኤ ሲመዘገብ፣ ቅጹ የትዳር ጓደኛ ስም ይጠይቅ ነበር። ከሌላ እምነት ያገባ ሰው እዚያ በጎሪጥ እንደሚታይ ያውቃል። ስሟን ጻፈ፣ “አባል” የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፣ ለእሷም ፈረመላት። ለምን አትመጣም ሲባል ደግሞ “እሑድ እሑድ ሥራ ናት፤ ሆስፒታል ኩሽና ነው የምትሠራው” አለ። እውነትም ሆስፒታል ኩሽና ትሠራለች፤ ሥራዋ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው።

እንዲህ ሆኖ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ።

በ2017 መስከረም የፕሮቴስታንት ተሐድሶው አምስት መቶኛ ዓመት ሊከበር ሲል የጉባኤው ፓስተር ንጉሡ ቢራቱን “አንድ የጀርመን ከተማ እንዴት የሉተርን እምነት እንደተቀበለች ሃያ ደቂቃ ንገረን” አለው። ቢራቱ ደስ አለው። መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ኡልም የምትባለውን ከተማ የመረጥነውም አብረን ነው።

በ1530 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ከተሞቹ ሁሉ ወደ አሮጌው የካቶሊክ ሥርዓት እንዲመለሱ አዘዘ። የኡልም ምክር ቤት ብቻውን መወሰን ፈራና ጥያቄውን ለሙያ ማኅበራቱ አወረደው። ሸማኔው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ በየማኅበሩ ተጠርቶ ድምፁን ሰጠ፤ የእያንዳንዱም መልስ በስሙ ተጻፈ። ከሺህ ስድስት መቶ በላይ የሚሆኑት ትእዛዙን አንቀበልም አሉ። ሁለት መቶ አርባ ያህሉ እንቀበላለን አሉ። በዓመቱ ሥዕሎቹና መሠዊያዎቹ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ከተማዋ መጀመሪያ ወደ ስዊዞቹ ትምህርት ታዘነብል ነበር፤ ኋላ ግን ሉተራዊት ሆና ጸናች።

ቢራቱ ይህን ለፓስተሩ በስልክ ሲተርክለት ስም በስም መጻፉን አጋኖ ነገረው። ጥፋቱ ይኸው ነው።

“ወንድም ቢራቱ፣ ይኼማ ግሩም ነው!” አለ ፓስተሩ። “እኛም እንደዚያው እናደርጋለን። መዝገቡ ይነበብ፤ እያንዳንዱ አባል ይቁምና እምነቱን በራሱ አፍ ይናገር። ሥራ ላይ ላሉት ደግሞ ሰርካለም ኮል ታደርግና መልሳቸውን ታነብልናለች።”

ቢራቱ ስልኩን ዘግቶ ቅጹ ላይ የፈረመውን አሰበ።

ሰርካለም የጉባኤው ጸሐፊ ናት። በማግስቱ ደወለች።

“ጋሽ ቢራቱ፣ የሲስተር የወይንሐረግን ቁጥር ላክልኛ። መዝገቡ ላይ ያለው የድሮ ነው፣ አይሠራም።”

“እኔ እነግራታለሁ፣ ግድ የለሽም።”

“መንገር አይበቃም። ድምጿን በስልክህ ቅዳና አምጣ። እናሰማለን።”

“እሺ።”

“ደግሞ እንዳትረሳ! አንተ እኮ የሚስትህን ልደት የምትረሳ ሰው ነህ ይባላል።”

“ማን ነው ያለው?”

“ፊትህ ነው የሚናገረው” ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ቢራቱ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን እንግዶችን ተርሚናል አሳስቶ አወረደ። ለሚስቱ ሊነግራት ፈለገ፤ ገበያ ሲሄዱ መኪና ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ፣ “ጉንፋን ይዞሃል መሰለኝ” አለችው፣ መስኮቱን ዘጋ። ልብስ ሲያጥፉ ጀመረ፣ ስልኳ ጠራ። ቅዳሜ ሲሆን “እነዚያ ሁለት መቶ አርባዎቹ ከዚያ በኋላ እንዴት ኖሩ?” ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ስለ እነሱ ብዙ አልጻፈም። “ጎረቤታቸው ማን ምን እንዳለ ያውቃል እኮ” አለና ወደ ላይ ወጣ።

እሑድ ንግግሩን አነበበ። ሰው ወዶታል፤ በየመካከሉ “አሜን” ይባል ነበር። ቀጥሎ ሰርካለም መዝገቡን ገለጠች። የተጠራው እየቆመ “አምናለሁ” ይላል፤ ያልመጡት ድምፅ ከስልክ ይሰማል። ጥሪው እየቀረበ ሲመጣ ቢራቱ የውጪውን በር አየ። ወጥቶ መሄድ ይችላል። ስልኬ ተበላሸ ማለትም ይችላል፤ ማንም አይጠራጠረውም።

“ወንድም ቢራቱ ጉደታ።”

“አምናለሁ።”

“እህት የወይንሐረግ ታምሩ። ጋሽ ቢራቱ፣ ቀድተሃል?”

ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ፣ ሁለቴ።

“አትጻፊው” አለ። “አባል አይደለችም። ሆናም አታውቅም። ኦርቶዶክስ ናት፤ አሁንም ቅዳሴ ላይ ናት። የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።”

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ አቶ ሠረቀብርሃን፣ ጮክ ብለው “ቆይ፣ ታዲያ እሑድ ኦፍ እንዲሰጧት አሥራ ሦስት ዓመት የጸለይነውስ?” አሉ።

“የአለቃዋ ልብ እንዲራራ ጭምር!” አለች አንዲት ሴት።

ጥቂቶች ሳቁ። ቢራቱ አልሳቀም። ፓስተሩ ወለሉን እያየ “በኋላ እንነጋገራለን፣ ወንድሜ” አለ፤ ሰርካለምም በየወይንሐረግ ስም ላይ ማስመሪያ አድርጋ አንድ መስመር ሳበችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ቤት ሲደርስ የወይንሐረግ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ወሬው በሰው በሰው በስልክ ቀድሞታል።

“እሑድ ሥራ ናት ብለሃቸዋል?”

“አዎ።”

“አፍረህብኝ ነው?”

“ባንቺ አይደለም። እነሱን ፈርቼ ነው።”

“ለእነሱ ስትል በእኔ ስም ፈረምክ።” ነጠላዋን አስተካከለች። “ለመሆኑ ምን ስታነብላቸው ነው ይኼ ሁሉ የመጣው? እስቲ ለእኔም አንብብልኝ።”

ቆሞ አነበበላት። ሸማኔውን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሺህ ስድስት መቶውን፣ ሁለት መቶ አርባውን። ሳታቋርጠው ሰማች። ሲጨርስ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጠየቀችው።

“ሴቶቹስ ምን አሉ?”

“የትኞቹ?”

“የሸማኔው ሚስት። የጋጋሪው ሚስት። ለእነሱ ማን ተናገረላቸው?”

ቢራቱ ወረቀቱን አገላበጠ። መልሱ እዚያ እንደማይገኝ ያውቃል።

“ሴቶች አልተጠየቁም” አለ። “ባሎቻቸው ናቸው የተጻፉት።”

አየችው። ፊቱ ሲቀላ እስኪታያት ድረስ አየችው።

“ያደረግኩትን ልነግርሽ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ የወይኔ።”

“ይቅርታህን አስቀምጠው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ እዚያ ታደርሰኛለህ። የተጠራሁት እኔ ስለሆንኩ የምመልሰውም እኔ ነኝ።”

“የት? ጉባኤው?”

“አዎ፣ በነጠላዬ።”

“ምን ልትያቸው ነው?”

“ያኔ ከሰው ጋር ትሰማለህ” አለችና ምሳ ልታሞቅ ተነሣች።

ማክሰኞ ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ምን ልትል እንደምትችል ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። “አሥራ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ እኔም አላውቅም” አለና የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ ወደ ሥራው ወረደ።