እውነተኛውን ኮሶ የጠጣሁ ዕለት

ዛሬ ጥርሴ አልቆ ገንፎ ስልስ የሚያየኝ ሰው አያምንም እንጂ፣ የደብረ ታቦር ሠፈር ገና ከተማ መምሰል ሲጀምር ወታደሩም መኳንንቱም የሚያመሽበት ጠጅ ቤት የኔ ነበር። ከጉና ማር በጀርባዬ ተሸክሜ የወረድኩ ሰው ነኝ። ሚስቴ ጠጁን ትጥላለች፣ ወጡን ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ ከባዱን ሥራ እሠራለሁ፤ አወራለሁ።

አንዲት ብልኃት ነበረችኝ። በነጻ ሊጠጣ የሚመጣ ባለጊዜ ከሩቅ ሳይ መደብ ላይ እወጣና «ኮሶ ጠጥቷል በይው» እላታለሁ። ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉን እስኪያወርድ ድረስ ንጉሥ ጠርቶት ቢቀር እንኳ አይወቀስም። አንዱን የጦር አለቃ እንዲህ እያልኩ ደጋግሜ መልሼዋለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ጦሩ ወደ ይፋግ ወረደ ሲባል፣ ዛሬ ቤቱ ጭር ይላል ብዬ በማለዳ የእውነቱን ኮሶ ጠጣሁ። ብዙም ሳይቆይ የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ጦሩ ከመንገድ ተመልሷል፤ ያው አለቃ ጋሻ ጃግሬውን አስከትሎ ገባ። ያን ሰሞን አንድ ትልቅ ሰው በመጠጥ ተመርዞ ሞተ ተብሎ፣ ወንድም የወንድሙን እጅ ይጠራጠር ነበር።

ሚስቴ ቀድታ፣ እንደ ወጉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ልትቀምስ ስትል፣

«አንቺ ተዪው፤ እሱ ይቅመስልኝ» አለ አለቃው ወደ እኔ እያየ።

«ጌታዬ፣ ኮሶ ጠጥቼ ነው» አልኩ።

«አንተ ሆድህ ውስጥ ስንት ትል ነው ያለው? በመጣሁ ቁጥር ኮሶ!» እጁን ጎራዴው ላይ አሳረፈ። «ወይስ ጠጁ የማይቀመስ ነው?»

ሚስቴ ጠጋ ብላ «ዋጠው፤ ካስመለሰህ አለቀልን» አለችኝ በሹክሹክታ። እውነቷን ነው። አልቀምስም ብል መርዝ፤ ቀምሼ ባስመልስም መርዝ። በመዳፌ ተቀብዬ ዋጥኩት። ጠጁ ወርዶ ከኮሶው ጋር ተገናኘ፤ አልተስማሙም። ላቤ ተንቆረቆረ።

«ፊትህ ምን ሆነ?»

«እርስዎን በማየቴ ደስ ብሎኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ድገም።»

ደገምኩ። ጋሻ ጃግሬው ሄዶ በሩን ዘጋው። ጥርሴን ነክሼ እመቤቴን ስማጸን የላዩ ቢታገሠኝ የታቹ እምቢ አለ። ብድግ ብዬ፣ በሩ ላይ የቆመውን ያን ግዙፍ ጋሻ ጃግሬ በምን ጉልበቴ እንደሆነ እንጃ ገፍትሬ፣ በሩን ከፍቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

«ያዘው! አመለጠ!»

ጌሾው ሥር ቁጢጥ እንዳልኩ ጋሻ ጃግሬው ጦሩን ሰብቆ ደረሰብኝ። አየኝ። ጦሩን አወረደና አፍንጫውን በኩታው ሸፈነ። ተመልሶ ሲናገር እዚያው ሆኜ እሰማለሁ፦

«ጌታዬ፣ ይጠጡ ግድ የለም። ዛሬስ እውነቱን ነው።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«ምነው ባላየሁ!»

አለቃው እስኪያስለው ሳቀ፤ ጠጣም። ማታውኑ ወሬውን ሊያወራ ጓደኞቹን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ቤቴም ከዚያ ወዲህ ሰው ጎድሎበት አያውቅም። የሚገባው ሁሉ ታዲያ ከጠጁ በፊት «ሆድህ እንዴት ነው?» ይለኛል። አለቃውን ግን ዕድሜ ልኩን በነጻ አጠጣሁት። ምን ብዬ ልመልሰው?