ጎማው የሚቆምበት ቦታ

በእስቴ ገጠር ባለች አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤት ውስጥ ቀያሽ ነኝ። መንገድ እለካለሁ፣ ቦይ እቀይሳለሁ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር ሲጣሉ ሜትሬን ይዤ መሀል እገባለሁ። ይህን ሁሉ እየሠራሁ ሰው የሚያውቀኝ ግን ባልተሠራው ነገር ነው። «የጎማዋ ልጅ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሲሉኝ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን «አቤት!» እላለሁ፣ ያውም ደረቴን ነፍቼ።

ነገሩ የጀመረው የቀድሞው ከንቲባችን ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄደው የተመለሱ ዕለት ነው። እዚያ አንድ መናፈሻ ውስጥ ልጆች በትንሽ ባቡር ሲዞሩ አይተው ኖሮ ልባቸው እዚያው ቀርቷል። ገና ቢሮ ከመግባታቸው «የእኛ ልጆች ምን በደሉ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። በመሥሪያ ቤቱ መስመር ቀጥ አድርጎ የሚያሰምር ሌላ ሰው ስለሌለ፣ መናፈሻውን እንድነድፍ ታዘዝኩ።

እውነቱን ለመናገር መናፈሻ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ስልኬን ይዤ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ እየወጣሁ ቪዲዮ አያለሁ፣ እመለስና እነድፋለሁ። ሰው ተቀምጦበት ወደ ላይ የሚዞር ትልቅ ጎማ ነደፍኩ። ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ጀልባ ነደፍኩ። ሁሉንም እየዞረ የሚመለስ የልጆች ባቡርም ጨመርኩ። በሩ ላይ አህያ ማሰሪያ አደረግሁ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት በገበያ ቀን፣ ከነአህያቸው መሆኑን አላጣሁትም። ጓደኞቼ «መኪና ማቆሚያውስ?» ብለው ሳቁብኝ። «መኪናችሁን ስትገዙ እነድፍላችኋለሁ» አልኳቸው። የጎማውን ጫፍ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ዝቅ አደረግሁት። በዚያ ሥራ የኮራሁትን ያህል በሌላ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

የተመረጠው ቦታ ከከተማው ጫፍ ያለ ሜዳ ነው። የጥቂት ገበሬዎች የገብስ ማሳ ሲሆን መሀሉ ደግሞ የአባቴ ነው። አባቴ በአንዲት ትልም የተነሳ ከወንድማቸው ጋር ችሎት የቆሙ ሰው ናቸው። መሬታቸውን በፈቃዳቸው ይሰጣሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ለውይይት ሕዝቡ እዚያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ንድፉን ሣር ላይ ዘርግቼ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ አስያዝኩና ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳሁ። አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ፤ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ቀና አሉና ወደ ሕዝቡ ዞረው «መሀሉ የኔ ነው። ለልጆች መጫወቻ ይሁን ብዬ ሰጥቻለሁ፤ ስሙኝ» አሉ። እሳቸው ከሰጡ በኋላ እምቢ ለማለት የደፈረ አልነበረም።

በእኛ አገር መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሽማግሌዎች ወሰኑን በእግራቸው ይዞሩታል። ኋላ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» የሚል እንዳይመጣ ነው። ያን ቀን ታዲያ በወሰኑ ብቻ አልበቃቸውም። ችካል ተክዬ በኖራ ያሰመርኩትን ሁሉ ካልዞርን አሉ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሆነው የጎማውን ክብ ዞሩ፤ በባቡሩ መንገድም ሄዱበት። አንዱ ሽማግሌማ የባቡሩን መስመር ሲሻገሩ ግራና ቀኝ አይተው ነው የተሻገሩት። ሣቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። በጀቱ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ጊዜው ከፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ከንቲባውም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ለገበሬዎቹ «ሥራው እስኪጀመር እያረሳችሁ ቆዩ» ተባለ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ችካሉን እየነቀሉ አረሱ። አባቴም ጠመዱ።

ያን ጠዋት በዚያ በኩል ሳልፍ ያየሁትን አልረሳውም። አባቴ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡና ጎማው ይቆምበታል ያልነው ክብ ጋ ሲደርሱ ዙሪያውን አረሱ። የባቡሩ መንገድ ላይ ሲደርሱም ሞፈሩን ብድግ አድርገው ማረሻውን አሻገሩና ከወዲያ ማዶ ጀመሩ። ሮጬ ሄድኩ።

«አባዬ፣ ምነው? ምልክት እኮ ነው! እስኪመጣ ድረስ ይታረስ።»

«የተሰጠ ነገር ይታረሳል እንዴ?»

«ገና አልመጣም እኮ።»

«ሽማግሌ ዞሮታል፣ ቄስ ባርኮታል። ከዚህ ወዲያ ምን እስኪመጣ ነው?» አሉና ጅራፋቸውን አነሱ። «በይ ገለል በይ፣ በሬው ይረግጥሻል።»

ክረምቱ ገባ፤ ገብሱ በቀለ። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሀል አንድ ክብ መላጣ ጉብ ብሎ ታየ፤ በሱ ዙሪያ ደግሞ ቀጭን መንገድ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። የመሬታቸው ምርጡ እሱ ነበር። ጎረቤቶቻችን አፋቸውን ያዙ። «እንዲህ ያለ መሬት ጦም ይደር?» አሉ። ገበያ ላይ ሲያገኟቸው «ዘንድሮስ ጎማው ምን አፈራልዎ?» እያሉ ያሾፉባቸው ጀመር። በእኔ ማሾፋቸውን ለምጄዋለሁ፣ ቻልኩት። በአባቴ ሲመጡ ግን አንጀቴ ያርር ነበር። የኔን ሥዕል አምነው እኮ ነው።

ባዶውን ቦታ መጀመሪያ ያገኙት ልጆች ናቸው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደብተራቸውን ዳር ላይ ይቆልሉና በባቡሩ መንገድ አንዱ የአንዱን ልብስ ይዞ ይሰለፋል፤ የፊተኛው እየጮኸ ይነዳል። ዞረው ሲጨርሱ ክቡ ውስጥ ገብተው እጅ ለእጅ ተያይዘው እስኪወድቁ ይሽከረከራሉ። ወድቀው ሰማዩን እያዩ ይስቃሉ። የሚገርመው፣ አንድ ዘለላ ገብስ አይረግጡም። አንድ ቀን አንዲቱን ልጅ «ሰብሉን እንዳትረግጡ ማን ነገራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ባቡር ከሐዲዱ ይወጣል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ። ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ፤ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ቅን ልጅ ነው። የመናፈሻው ዕቅድ መሰረዙን ነገረኝ። መሬቱ ለየባለቤቱ ይመለሳል፤ ሕዝቡ ተጠርቶ ይነገረው፤ ቀያሿም ትገኝ ተባለ።

ስብሰባው እስኪደርስ ምግብ አልበላልሽ አለኝ። የፈራሁት ለጎማው አይደለም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ምንም አልተሠራም፣ ምንም አይሠራም» ሲባል አባቴ ከፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። ያን ሁሉ ዓመት ምርጥ ማሳቸውን ጦም ያሳደሩት በልጃቸው ቅዠት መሆኑ በአደባባይ ሊነገር ነው። ሲያሾፉባቸው የኖሩት ሁሉ ልክ ሊሆኑ ነው። ቀድሜ ልነግራቸው ሁለቴ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ስለ በሬ አውርቼ ተመለስኩ።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እንደፈራሁት ከፊት ተቀመጡ። ኃላፊው በትሕትና አስረዳ፦ ዕቅዱ ተሰርዟል፤ መሬቱ ላይ የተሠራ ነገር ስለሌለ ሁሉም የራሱን ይረከባል። ገበሬዎቹ በየተራ እየተነሱ «ተቀብያለሁ» አሉ። የአባቴ ተራ ሆነ።

«የኔን አልቀበልም» አሉ።

«ለምን አባቴ?» አለ ኃላፊው።

«ተሠርቶበታላ።»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። አባቴ አልዞሩም። ኃላፊው ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ። «ቀያሿ አንቺ ነሽ። እዚያ ላይ የተሠራ ነገር አለ?»

አባቴን አየኋቸው፤ እሳቸው ግን አላዩኝም። ችሎት ላይ ምስክር አቅርቦ በምስክሩ እንደሚተማመን ሰው ፊት ለፊት እያዩ ይጠብቃሉ። ብድግ አልኩ።

«አለ። የልጆች መጫወቻ አለ» አልኩ። «መሀሉ ክብ ነው፤ ዙሪያውን መንገድ አለው። በየቀኑ ልጆች ይጫወቱበታል፤ የእናንተው ልጆች ናቸው። የነደፍኩት እኔ ነኝ። የሠሩት አባቴ ናቸው።»

ሳቁ ቆመ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት «እውነቷን ነው፤ የኔዎቹ ከዚያ አይጠፉም» አለች። ሌላዋም «የኔም» አለች። ኃላፊውም «እንግዲያ በከተማው ፕላን ላይ አስገቢው፤ መጫወቻ ተብሎ ይታወቅ» አለኝ።

አባቴ ቀስ ብለው ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ስብሰባው ከተጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። በበትራቸው ወደኔ እያመለከቱ፣ የኋለኞቹም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ ናት» አሉ።

እዚያ ከተቀመጠው ሰው ልጃቸው መሆኔን የማያውቅ አንድም አልነበረም።