እትዬ አስካለ ያነበቡልኝ የሰልፉ መጽሐፍ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ የማታ ሥራ ስትገባ፣ አርችዌይ በሚባለው የእንግሊዝ አገር ሰፈራችን ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ዘንድ እቆይ ነበር። ያኔ በብርዱ ወራት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጨልሞ ይጠብቀኛል፤ እትዬ አስካለ የጋዝ ማሞቂያውን ይለኩሱና፣ ሰማያዊው ነበልባል ፊታቸውን እያበራው፣ ከላይብረሪ ያመጣሁትን የሥዕል መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልኛል። በሳቸው አፍ የእንግሊዝ ቀበሮ እንኳ «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይል ነበር።

አንድ ምሽት ያመጣሁት መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ የያዙ ሰዎች ነበሩበት። እትዬ አስካለ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሴት ነበሩና፣ ሁለተኛውን ገጽ ገልጠው ሲያዩት ሊዘጉት ነው ብዬ ፈራሁ።

«ምን ይላል፣ እትዬ?»

«ድሮ እዚህ አገር ወንድ ወንድን ካፈቀረ፣ ሴትም ሴትን ካፈቀረች ከሥራ ይባረሩ፣ ከቤት ይወጡ ነበር ይላል። በኋላ ተሰባስበው አደባባይ ለሰልፍ ወጡ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ታች ያሉት ጆይስና ፓትም እዚያ ነበሩ» አሉኝ።

ጆይስና ፓት ምድር ቤት አብረው የሚኖሩ አሮጊቶች ነበሩ።

«እህትማማቾች አይደሉም እንዴ?»

«አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን ተዋደው የኖሩ ናቸው። በስደት መጥቼ መግቢያ ሳጣ ቤታቸው ያስገቡኝ እነሱ ናቸው፤ ‹የተዘጋ በር እኛም እናውቀዋለን› ነው ያሉኝ። ሰው ብዙ ይላል፤ ከኔ አፍ ግን ክፉ ቃል አይወጣባቸውም።»

ከዚያ መጽሐፉን አስያዙኝና ደረጃውን ወረድን።

ፓት በሩን ከፈተችልን። ጆይስ ከወንበሯ ሳትነሳ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ በወፍራም መነጽሯ የሰልፉን ሥዕል አተኩራ አየችው።

«ፀሐይ አድርገው ሣሉት» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን እኮ ዝናብ ነበር። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ይተፋብን ነበር። ፈርቼ ልመለስ ስል ፓት እጄን አልለቅም አለች።»

«መች ለቀቅኩና!» አለች ፓት ከኩሽና።

መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ሳል ይዞት ይስል፣ ይስቅ፣ ነጠላ ጫማ ያደርግ ኖሯል? እጄን ሰድጄ የጆይስን ሹራብ ነካሁ፤ ሞቃት ነበር።

ዛሬ ጆይስም ፓትም በሕይወት የሉም፤ የመጽሐፉም ስም ጠፍቶብኛል። ያኔ ታሪክ የሚባለው ነገር ከሩቅ፣ ከትላልቅ ሰዎች ዘንድ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ያን ምሽት ግን ታሪክ ራሱ ከመጽሐፉ ላይ ቀና ብሎ በጆይስ ወፍራም መነጽር አየኝና፣ «ብስኩት ትፈልጊያለሽ፣ የኔ ልጅ?» አለኝ።